የሰውን አሟሟት ማሳመር ይገባልን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስኮስ ዲሴምበር 18 ቀን 2024 የኮምፒዬኝ ዐሥራ ስድስት ቀርሜሎሳውያት ሰማዕታት ከቅዱሳን ጋር እንዲቈጠሩ ባወጁ ጊዜ፣ ዜናው ለእኛ የደስታ ብቻ አልነበረም። በቁም ሣጥናችን ታችኛው ክፍል ለብዙ ዘመን ሳይነኩ የተቀመጡ ካሴቶች መኖራቸውን አስታወሰን፤ ከእነርሱም ጋር በወጣትነታችን ያደረግነውን አንድ ነገር አስታወሰን። ስለዚህ ባለፉት ወራት፣ የቀኑ አገልግሎት ካበቃ በኋላ፣ የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የፍራንሲስ ፑላንክን የመድረክ ሥራዎች፣ ቀድሞ ከምናውቃቸው ቅጂዎች ጀምረን፣ እንደገና በተራ ስንሰማና ስንመለከት ሰነበትን። ከዚህ በታች የምንጽፈው የሙዚቃ ሂስ አይደለም፤ ለዚያ የሚበቃ ዕውቀት የለንም። ልንመረምረው የወደድነው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሕያዋንን ለማጽናናት ሲባል የሌላውን ሰው አሟሟት ከሆነው ይልቅ አሳምሮ መናገር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።)

ፑላንክ በ1899 በፓሪስ ተወልዶ በ1963 በዚያችው ከተማ ያረፈ ሰው ነው። በወጣትነቱ የሚታወቀው ጨዋታ የበዛበት፣ ከተሜ ሙዚቃ በመጻፍ ነበር። በ1936 የሙያ ጓደኛው የነበረ ሌላ የሙዚቃ ደራሲ በሃንጋሪ በመኪና አደጋ በድንገት ሞተ። ፑላንክ ልቡ ተሰብሮ ሳለ በዚያው ሰሞን ወደ ሮካማዱር ተጕዞ ከጥቁሯ የእመቤታችን ሐውልት ፊት ቆመ፤ የልጅነት እምነቱም ተመለሰለት። ወዲያውኑ ለጥቁሯ ድንግል ሊጣንያ በዜማ ጻፈ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ኑሮው የተስተካከለ ጐዳና ሆነለት ማለት አይደለም። ጭንቀት የማይለየው ሰው ነበር፤ አሁን የምንናገርለትን ድርሰት እየጻፈ ሳለም በ1954 ጭንቀቱ አሸንፎት ሐኪም ቤት ገብቷል። ይህን የምናነሣው ስለ ፍርሃት የጻፈው ሰው ፍርሃትን ከሩቅ የሚያውቃት እንዳልነበረ ለማመልከት ነው።

የጻፋቸው ኦፔራዎች ሦስት ብቻ ናቸው። በ1947 ለመድረክ የበቃው የመጀመሪያው ቀልድ ስለሆነ እንለፈው። ሦስተኛው፣ በ1959 የቀረበው «የሰው ድምፅ» የተሰኘው፣ አንዲት ሴት ከተለያት ወዳጅዋ ጋር በስልክ የምታደርገው ንግግር ነው፤ መድረኩ ላይ ከእርስዋ በቀር ማንም የለም። ሴትዮዋ በመጀመሪያ ደኅና እንደሆነች፣ ከወዳጅ ጋር እራት እንደበላች ትናገራለች፤ ቈይታ ግን ያ ሁሉ ውሸት መሆኑን፣ ሌሊቱን ራስዋን ለማጥፋት መሞከርዋን ታወጣለች። ይህችን ሴት በመጀመሪያ የተጫወተችው ደኒዝ ዱቫል ናት፤ በሦስቱም ሥራዎች የፑላንክ ተወዳጅ ዘማሪት እርስዋ ነበረች። የተቀረፀውን ድምፅዋን ስንሰማ፣ ውሸቱን በምትናገርበት ጊዜ ድምፅዋ ይበልጥ እንደሚያምር አስተዋልን። ለጊዜው ይህን በልባችን እንያዘው።

የሁለቱ መካከለኛ፣ የሁሉም ታላቅ፣ «የቀርሜሎሳውያት ንግግሮች» የተባለው ነው። ታሪኩ ከእውነተኛው ነገር ይነሣል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በኮምፒዬኝ የነበሩ ቀርሜሎሳውያት ከገዳማቸው ተባረው በየቤቱ ተበትነው ሲኖሩ፣ ሕይወታቸውን ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ሀገራቸው ሰላም በየቀኑ ለእግዚአብሔር ያቀርቡ ነበር። በ1794 ተይዘው ፓሪስ ቀረቡ፤ ጁላይ 17 ቀን ተፈረደባቸው፤ በዚያው ቀን ምሽት ጊዮቲን በተባለው የአንገት መቍረጫ መኪና ተገደሉ። ዐሥራ አራቱ መነኮሳይያት፣ ሁለቱ የገዳሙ የውጭ አገልጋዮች ነበሩ። እየዘመሩ ወደ ሞት መውጣታቸው በምስክሮች ተነግሯል። ከዐሥር ቀን በኋላ ያ የሽብር መንግሥት ራሱ ወደቀ። ሥጋቸው የተጣለው በፒክፑስ ከ1300 የሚበልጡ ሙታን በተቀበሩበት የጋራ ጕድጓድ ነው። ብፁዕ ፒዮስ 10ኛ፣ በኋላ ራሳቸው ቅዱስ የተባሉት፣ በ1906 ማዕረገ ብፅዕናን ሰጧቸው።

በ1931 ጌርትሩድ ፎን ለ ፎር የተባለች፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የገባች ጀርመናዊት ደራሲ፣ በዚህ ታሪክ ላይ አጭር ልብ ወለድ ጻፈች። በታሪክ ያልነበረች አንዲት ሴት ጨመረችበት፤ ብላንሽ ትባላለች፤ ከልጅነትዋ ጀምሮ ሁሉን የምትፈራ፣ ከፍርሃትዋ ለመሸሽ ገዳም የምትገባ መኰንን ልጅ ናት። ከዚያም ዦርዥ በርናኖስ ለፊልም እንዲሆን ንግግሩን ጻፈ፤ ሕመም ጸንቶበት ሳለ ጨርሶ በ1948 ሞተ። ፑላንክ ያንን ጽሑፍ ወስዶ ኦፔራ አደረገው፤ በ1957 በመጀመሪያ ሚላኖ በጣልያንኛ፣ ቀጥሎም ፓሪስ በፈረንሳይኛ ቀረበ። ደራሲው ሕዝቡ በየቋንቋው እንዲሰማው ይፈልግ ስለነበር ነው፤ ጸሎቶቹ ብቻ በላቲን ቀሩ። ድርሰቱንም ለእናቱ መታሰቢያ አደረገው፤ ከእርስዋም ጋር የአራት ታላላቅ የሙዚቃ ደራስያንን ስም ጠራ።

እኛ በመጀመሪያ የሰማነው በ1958 ፒዬር ዴርቮ በመሪነት ያስቀረፀውን፣ ዱቫል ብላንሽን ሆና የምትዘምርበትን ነው። ለትምህርት በባዕድ ሀገር ሳለን አንድ ወዳጅ ከሸክላ ወደ ካሴት ገልብጦ ሰጠን። እውነቱን እንናገር፤ ከዚያ ሁሉ ሥራ የምንሰማው የመጨረሻውን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነበር። ደናግሉ በመቍጠሪያ ጸሎት ፍጻሜ ሁላችን የምንደግመውን «ሰላም ለኪ ንግሥት» እየዘመሩ አንድ በአንድ ወደ መኪናው ይወጣሉ። የብረቱ ድምፅ ይወድቃል፤ አንድ ድምፅ ይጐድላል። እንደገና ይወድቃል፤ አንድ ይጐድላል። ፑላንክ የብረቱን ምት ከዜማው ልክ ጋር አላስማማውም፤ ስለዚህ ሰሚው መቼ እንደሚመጣ ማወቅ አይችልም። በመጨረሻ የምትቀረው ታናሽዋ ኮንስታንስ ናት፤ እርስዋም ስትቈረጥ፣ ፈርታ ከገዳሙ ሸሽታ የነበረችው ብላንሽ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ የመንፈስ ቅዱስን መዝሙር የመጨረሻ ስንኝ ይዛ ትወጣለች። ያንን ስፍራ ካሴቱ እስኪነፋ ድረስ ደጋግመን አስመልሰነዋል። ክርስቲያናዊ ሞት ማለት ይህ ነው ብለን ወሰንን፤ ያለ ፍርሃት፣ በኅብረት፣ በዝማሬ።

በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ያለውን ሌላ ሞት ግን ሁልጊዜ እንዘለው ነበር። እመ ምኔቲቱ፣ እመቤት ደ ክሯሲ፣ በአልጋዋ ላይ ትሞታለች። ሠላሳ ዓመት ስለ ሞት ስታሰላስል የኖረች፣ ልጆችዋን ስታጸና የነበረች ናት፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ያሰበችው ሁሉ አልረዳትም። ትጮኻለች፤ መድኃኒት ጨምሩልኝ ትላለች፤ እግዚአብሔር እንደ ተዋት ትናገራለች፤ ገዳሙ ሲረክስ በራእይ ታያለች። በዚያን ጊዜ አጠገብዋ ያለችው እማሆይ ማሪ የምታደርገው ነገር አለ። መስኮቱን ዝጉ ትላለች። እናታችን ለምትናገረው ነገር ኃላፊነት የላትም፣ ቢሆንም ማንም ሰምቶ እንዳይሰናከል ይሻላል ነው አሳብዋ። መስኮቱ ይዘጋል። ደኒዝ ሻርሌ የምትባለው ዘማሪት በ1958ቱ ቅጂ ይህን ስፍራ የምታዜመው ዜማው እየተቈራረጠ፣ ንግግርና ጩኸት እየሆነ ነው። ለእኛ ያን ጊዜ አስጸያፊ መሰለን። አንድ አማኝ ደራሲ ቅድስት ሴትን እንዲህ አድርጎ ስለ ምን ይገድላታል? ብለን ካሴቱን ወደፊት እናስሮጠው ነበር።

እንግዲህ አሁን የራሳችንን መስኮት ነገር እንናገር። ክህነት በተቀበልን በሦስተኛው ዓመት፣ እናገለግልበት በነበረው ቍምስና፣ አርባ ዓመት ያህል በእግሩ መንደር ለመንደር እየዞረ ትምህርተ ክርስቶስን ያስተማረ አንድ ሽማግሌ ታመመ። እኛን ራሳችንን በልጅነታችን ማማተብ ያስተማረን እርሱ ነው። ንስሓ ገባ፣ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለ፣ ምሥጢረ ቀንዲል ተፈጸመለት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት ኖረ። ሙት ወቃሽ አያድርገን እንጂ፣ በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ታላቅ ፍርሃት ያዘው። እጃችንን ጨምቆ ይዞ እንዳትሄዱ ይለን ነበር። ያስተማርኩት ሁሉ እውነት ነው ወይ? እያለ ይጠይቀን ነበር፤ እውነት ነው ስንለው ጥቂት ዐርፎ መልሶ ይጠይቀናል። በሦስተኛው ሌሊት ድምፁ ከፍ አለ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። (ይህ ከንስሓ ውጭ የሆነ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊባል የሚችል ነገር መሆኑን፣ ይህንንም እንድንጽፍ ልጁ ፈቃድዋን መስጠትዋን እናስታውቃለን።) እኛም ልጁንና ሌሎቹን ዘመዶች ከክፍሉ አስወጣን፤ በሩንም ዘጋን። ሕዝቡ እንዳይሰናከል ነው አልን። ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ።

በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍነው እኛ ነን። በመጨረሻው ዐንቀጽ፣ መምህራችን የመቍጠሪያ ጸሎቱን እየደገመ፣ ፊቱ በፈገግታ በርቶ፣ እንደ ተኛ ሕፃን በሰላም እንዳንቀላፋ አነበብን። ሕዝቡ እልል አለ። ብዙዎች እየመጡ እኔንም እንደ እርሱ ይውሰደኝ አሉን። አሳቡ ከየት መጣልን? ብለን ዛሬ ራሳችንን ስንጠይቅ፣ ከዚያ ካሴት እንደ መጣ አንጠራጠርም። ዝማሬውን ወስደን አልጋው ላይ አኖርነው።

ከሰባተኛው ቀን መታሰቢያ በኋላ ልጁ መጥታ አንድ ነገር ጠየቀችን። «አባ፣ አባዬ ሲጮኽ ከደጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። እርስዎ ያነበቡት ሌላ ነው። እንግዲህ እኔም ስሞት ብፈራ፣ ለሰው የማይነገር ነውር ነው ማለት ነው?» አለች። ምን እንደመለስንላት በትክክል ብናስታውስ ደስ ባለን ነበር፤ የምናስታውሰው ግን ስለ ማስተዋል ምግባር ብዙ ቃል መናገራችንን ብቻ ነው።

ወደ ቅጂዎቹ እንመለስ። በ1958ቱ ቅጂ አዲስዋን እመ ምኔት፣ እማሆይ ሊድዋንን፣ የምትዘምረው ሬዢን ክሬስፓን ናት። ደናግሉን በእስር ቤት ሳሉ በመጨረሻ የምታጽናና፣ የሁሉ እናት የሆነች፣ ጐዳናውን ቀድማ የምትወጣ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ሰፊና የረጋ ነው። እማሆይ ማሪን፣ መስኮት አስዘጊዋን፣ የምትዘምረው ሪታ ጎር ናት። ሁለቱም ያን ጊዜ በሠላሳ ዓመት ዙሪያ ነበሩ። አሁን ደግሞ በ1987 ኒውዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ በእንግሊዝኛ ቀርቦ በቴሌቪዥን የተላለፈውን ተመለከትን። መድረኩ ባዶ ነው፤ ወለሉ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ሲሆን ደናግሉ መጀመሪያ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ጄሲ ኖርማን አዲስዋን እመ ምኔት ሆናለች። በአልጋ ላይ ፈርታ የምትሞተው አሮጊት እመ ምኔት ማን ናት? ክሬስፓን ናት፤ ዕድሜዋም ስድሳ ደርሷል። በ1992 ደግሞ በሊዮን ኦፔራ ኬንት ናጋኖ የመራው ቅጂ ወጣ፤ በዚያም ፈርታ የምትሞተው እመ ምኔት ሪታ ጎር ናት፤ ያችው መስኮቱን አዝጉ ያለችው ድምፅ።

ይህን ያቀናበረው ማንም የለም። ዘማሪዎች ሲያረጁ ድምፃቸው እየወፈረ የአሮጊቶችን ስፍራ ይይዛሉ፤ የሙያው ልማድ ነው። ነገር ግን ካሴቶቹን በተራ ለሚሰማ ሰው የሚሆነው ሌላ ነው። ሌሎችን ያጽናናችው እርስዋ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማጽናኛ የምታጣ ሆነች፤ የሌላዪቱን ጩኸት የሸሸገችው እርስዋ ራስዋ ጮኸች። የክሬስፓን ድምፅ በ1987 ተሰንጥቋል፤ አንዳንዱን ቃል ከመዘመር ይልቅ ትተፋዋለች። ከዚያ ስንጥቅ በታች ግን የቀድሞውን ድምፅ እናውቀዋለን፤ እርስዋው ናት። እኛም ስናረጅ ከሰማናቸው ቅጂዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ክፍል መዝለል የተውነው ከዚያ ወዲህ ነው። ደግሞም አሁን የኛ ዕድሜ ወደ እመ ምኔቲቱ እንጂ ወደ ብላንሽ እንዳይደለ መካድ አይቻልም።

በርናኖስ በታናሽዋ በኮንስታንስ አፍ ያኖረው አሳብ እዚህ ላይ ይነሣል። እርስዋ የምትለው በአጭሩ፣ እመ ምኔቲቱ የሞተችው ለእርስዋ የማይሆን ሞት ነው፤ በልብስ ማስቀመጫ ስፍራ የሌላ ሰው ልብስ በስሕተት እንደሚሰጥ ያለ ነው፤ ምናልባትም ሌላ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ መሞት ቀልሎት ይገረም ይሆናል የሚል ነው። ያ ሌላ ሰው ብላንሽ ናት። ይህ ጨዋታ የሚመስል የሕፃን ንግግር በኅብረተ ቅዱሳን ላይ ያለንን እምነት ከብዙ ስብከት ይልቅ ወደ አጥንታችን ያቀርበዋል። ጌታችን ራሱ በጌተሴማኒ ታውኳል፤ በመስቀል ላይም ተትቶ እንደሚጮኽ ሰው ጮኾአል፤ ወንጌላውያኑም ይህን አልሸሸጉልንም። ማርቆስ መስኮቱን አልዘጋም። ፍርሃትን ግን ምግባር ለማድረግ አንፈልግም፤ የፈራው ሁሉ ስለ ሌላው ፈራ ብሎ መደምደምም ያው ማሳመር በሌላ በር ሲገባ ነው። የምንለው፣ የፈራ ሰው እምነቱን እንደ ጣለ የሚቈጥር ሰው ወንጌሉን በሚገባ አላነበበም ብቻ ነው።

ተቃውሞ አለ፤ ልናሳንሰው አይገባም። የሚሞት ሰው ክብር አለው፤ የድካሙ ሰዓት የአደባባይ ወሬ አይደለም። ሐዘንተኛን ማጽናናት ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው። በእኛም ሀገር ሙትን ማመስገን የወግ ብቻ ሳይሆን የፍቅር ግዴታ ሆኖ ይቈጠራል። እንግዲህ ያ ወጣት ካህን ምን በደለ? ቅዱስ አውጎስጢኖስ ስለ ውሸት ሁለት መጻሕፍት ጽፏል፤ በሁለተኛው ውስጥ ልጁ የሞተበትን፣ ራሱም በጽኑ የታመመን ሰው ያነሣል፤ ልጄ ደኅና ነው ወይ? ብሎ ቢጠይቅህ እውነቱ የሚገድለው ሲሆን ምን ትመልሳለህ? ይላል። አንድ ነገር ደስ ይለናል፤ ቅዱሱ ሰው ነኝና ልቤ ይታወካል ብሎ ማመኑን አልተወም። ፍርዱ ግን መዋሸት አይፈቀድም የሚል ነው። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስም ለሰው ጥቅም የሚነገረውን ውሸት ከሌሎቹ ቀላል ያደርገዋል እንጂ ከኃጢአት አያወጣውም፤ እውነትን በማስተዋል መሸሸግ ግን ይፈቀዳል ይላል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም፣ ማወቅ ለማይገባው ሰው እውነትን የመግለጥ ግዴታ ያለበት ማንም እንደሌለ ያስተምራል። ስለዚህ የዝምታ በር ክፍት ነበረልን። መምህራችን ሞተ፣ ምሥጢራትን ተቀብሎ ሞተ፣ ጸልዩለት ብለን ብንቀመጥ ማን ይወቅሰን ነበር? ፈገግታውን ማን ጠየቀን?

ይህን አሳብ እያሰላሰልን ሳለን በ2010 ሙኒክ የቀረበውን አዘገጃጀት አገኘን። ኦርኬስትራውን የሚመራው ያው ናጋኖ ነው፤ መድረኩን ያዘጋጀው ግን ድሚትሪ ቸርንያኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ነው። በእርሱ ዘንድ ገዳም የለም፤ ሴቶቹ በአንዲት የእንጨት ጎጆ ውስጥ ተዘግተዋል። በመጨረሻ ብላንሽ በሩን ሰብራ አንድ በአንድ እየጎተተች ታወጣቸዋለች፤ ከዚያ ተመልሳ ብቻዋን ገብታ ጎጆዋ ስትፈነዳ ትሞታለች። ዜማው አልተለወጠም፤ ብረቱ ይወድቃል፤ ግን በእያንዳንዱ ምት አንዲት ሴት ትድናለች። የበርናኖስና የፑላንክ ወራሾች በፈረንሳይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ጣለው፤ በ2015 የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሥራው መንፈስ ተዛብቷል ብሎ ለወራሾቹ ፈረደ፤ በ2017 የሰበር ፍርድ ቤት ያንን ሻረው፤ በ2018 የቬርሳይ ፍርድ ቤት የወራሾቹን ክስ በመጨረሻ ውድቅ አደረገ።

በመጀመሪያ ስናየው ተቈጣን። ሰማዕታቱን ሰማዕትነታቸውን ነጠቃቸው አልን። ለፍትሕ ሲባል ግን ሌላውን ወገን መናገር ይገባናል። ቀድመው የለወጡት ሰዎች አሉና። በታሪክ እመቤት ደ ክሯሲ በአልጋ ላይ አልሞተችም! የቀድሞዋ እመ ምኔት፣ በምንኵስና ስምዋ እማሆይ ሄንሪየት ዘኢየሱስ፣ በ1794 ከልጆችዋ ጋር ወጥታ አንገትዋን የሰጠች ናት፤ አሁን ከዐሥራ ስድስቱ ቅዱሳት አንዲቱ ናት። በአልጋ ላይ በፍርሃት እንድትሞት ያደረጓት ደራስያኑ ናቸው። ብላንሽ ፈጽሞ አልነበረችም። እማሆይ ማሪም ከሞት የተረፈችው በታሪክም እንደዚሁ ነው፤ ነገር ግን መስኮት በማስዘጋት ሳይሆን እህቶችዋ ያለፉበትን በመጻፍ የምትታወቅ ናት፤ ስለ እነርሱ ብዙ የምናውቀው ከእርስዋ እጅ ነው። እንግዲህ ቸርንያኮቭን ብንወቅስ በርናኖስን ምን እናደርገዋለን?

ልዩነቱን ያገኘን የመሰለን ከብዙ ማሰላሰል በኋላ ነው፤ ምሉእ ነው አንልም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ልብ ወለድ መጻፉን አንባቢው ያውቃል፤ ማንም ወደ እርሱ መጥቶ አባቴ እንዴት ሞተ አይለውም። የሙኒኩ አዘጋጅም ቢሆን ሥራውን በስሙ አቅርቧል፤ ያሳመመን የሴቶቹ መዳን ሳይሆን ያ ብረት ነው። ዜማው ሞትን ሲናገር ዐይን መዳንን ያያል፤ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። በ2004 ሪካርዶ ሙቲ በሚላኖ የመራውን፣ ሮበርት ካርሰን ያዘጋጀውን ብናይ ጊዮቲን የለም፤ ደናግሉ ነጭ ለብሰው እጃቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ብረቱ በወደቀ ቍጥር አንዲቱ በቀስታ ትወድቃለች። ምንም ደም ሳይታይ ሞቱ አልተካደም። በዚያው መድረክ ላይ የአንያ ሲልያ እመ ምኔት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የምታስፈራ ናት። ማሳነስና መካድ አንድ አይደሉም። እኛ ግን የሕይወት ታሪክ ነበር የጻፍነው። ምስክር ነን ብለን በመቃብር አፋፍ ቆመናል፤ በክፍሉ ውስጥ የነበርነውም እኛ ብቻ ነን። ወራሹዋ ብትከሰን ምን መልስ ነበረን?

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን ወደ እርስዋ ሄድን። ፀጉርዋ ሸብቷል፤ የልጅ ልጆች አሏት። የቀብሩን ወረቀት በመጽሐፍ ቅዱስዋ ውስጥ እንዳኖረችው አሳየችን፤ እኛም ከዚያ የመጨረሻ ዐንቀጽ እውነት የሆነ አንድ ቃል እንደሌለበት ነገርናት፤ ይቅርታም ጠየቅናት። ቡናውን እየቀዳች ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ «ለወረቀቱስ ያን ጊዜውኑ ይቅር ብየዎታለሁ አባ፤ ሰዉ ደስ ብሎት ሄደ። በሩን ስለ ዘጉብኝ ነው» አለች። ስለ ኦፔራው ነገርናት። ነገሩን በሙሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያች ፈሪ ልጅ እመ ምኔቲቱ ስትሞት ክፍሉ ውስጥ ነበረች ወይ? አለችን። ነበረች፤ በመጨረሻ አስገቧት፤ እመ ምኔቲቱ ንግግርዋን ሳትጨርስ በእርስዋ ፊት ነው የሞተችው አልናት።

ጀበናውን ከምድጃው አወረደችና፣ በዚያ ሌሊት አባትዋ ስምዋን ጠርቶ እንደ ሆነ ጠየቀችን። ሁለት ጊዜ ጠርቷል፤ እኛም አልከፈትንም። እንደዚሁ ነገርናት።